ስለ አሮጌው ሲኒማ ቤት ባልኮኒ

ለተከበሩ አቶ መርዕድ ዓለምሰገድ
የኬንቲሽ ታውን ስደተኞች መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ለንደን፣ ጥቅምት 1979 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላ ጤናዎ፣ በተለይም ለአንገትዎ፣ የአምላክን ምሕረት እመኛለሁ። አንገትዎን ለይቼ ያነሳሁበትን ምክንያት ወረድ ሲሉ ያገኙታል። ደብዳቤዬን በማኅበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምባል ነው፤ ስብሰባው ምናልባት ከአብዮት አደባባይ የጀመረ ይሆናል።

ባለፈው ሐምሌ በታሪክ ትምህርት ስመረቅ «እንግዲህ የተማረ ሰው አገኘን» ብለው፣ ማኅበራችን የተከራየውን ሕንጻ ታሪክ ለሕንጻው መክፈቻ በዓል መጽሔት እንድጽፍ አዘዙኝ። እኔም ሥራ እስካገኝ ድረስ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ በየቤተ መጻሕፍቱ ዞርኩ። ሕንጻው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት «ሜሪጎልድ» የሚባል የሰፈር ሲኒማ ሆኖ እንደተከፈተ፣ ቴሌቪዥን ደንበኞቹን ሲነጥቀው የቢንጎ ቁማር ቤት፣ ቢንጎውም ሲከስር የምንጣፍ መጋዘን እንደሆነ ጽፌ አስረከብኩ። ስለተዋለልኝ ውለታ በተራ ቁጥር አመሰግናለሁ።

1ኛ. የስምንት ገጽ ጽሑፌን «ሕንጻው ከጥንት ጀምሮ የዕውቀት ማዕከል ነበር» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ስላሳጠሩልኝ። ቢንጎም ቁጥር ያስተምራልና ፍጹም ውሸት ነው አልልም። «ሲኒማ ከተባለ ሽማግሌዎች ይቀየማሉ» ብለዋል። በአስመራ ሲኒማ ቤቶች ያደጉት እትዬ ሉቺያ ግን ገና ደጁን አልፈው ወደ ፊት የሚያዘነብለውን ወለል እንዳዩ፣ «ውይ ልጄ፣ ሲኒማ እኮ ነው! ሰውዬዬን ያገኘሁት እንዲህ ያለ ወለል ላይ ነው» ብለው ሳቁ። እስካሁን የተቀየሙ ሽማግሌ ቢኖሩ አጠገባቸው የቆሙት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው።

2ኛ. ክቡር ሰው ከፊት ይቀመጣል በሚለው ልማዳችን መሠረት፣ እርስዎና ኮሚቴዎ የመጀመሪያውን ረድፍ ስማችሁን ለጥፋችሁ ይዛችሁ ነበር። እኔ ደግሞ በየዋህነት፣ በሜሪጎልድ ዘመን የፊተኛው ረድፍ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ከፍለው የሚገቡ የሰፈር ውሪዎች አንገታቸውን ወደ ሰማይ ቀልሰው የሚያዩበት ሦስተኛ ማዕረግ እንደነበረ፣ አንደኛ ማዕረግ ደግሞ ከላይ ፎቁ ላይ ያለው ባልኮኒ እንደነበረ ጻፍኩ። ታሪኩን በሙሉ ሰርዘው ይህችን አንድ መስመር ብቻ ስላመኑልኝ፣ እንደ ጸሐፊ ክብር ተሰምቶኛል።

3ኛ. በሳምንቱ የባልኮኒው ቁልፍ ተቀይሮ «የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ መቀመጫ» የሚል ጽሑፍ ስለተሰቀለበት። በዚያ ባልኮኒ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቻችን ፊደል አስተምር እንደነበር ያስታውሳሉ፤ «ጫጫታቸው ይረብሸናል» ብለው ወደዚያ የሰደዱን እርስዎ ነዎትና። አሁን ድሮ ከሰል ይቀመጥበት ወደነበረው ምድር ቤት ውረዱ ተብለናል። ግድግዳው እርጥብ ስለሆነ ጠመኔ አይጽፍበትም፤ ልጆቹም ሲያስሉ ይውላሉ። ከዌምብሊ ድረስ ልጆቻቸውን በባቡር ያመጡ የነበሩ ሁለት እናቶች ካሁኑ ቀርተዋል። ተማሪዎቼ አያቶቻቸው ከአገር ቤት ሲደውሉ «ሄሎ» ብለው ስልኩን ለእናታቸው የሚያቀብሉ ልጆች ናቸው፤ እኔም እስከ ገና ራሳቸው በአማርኛ እንዲያወሩ አደርጋለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር።

4ኛ. ቀበሌ ሸሽተን ለመጣን ሰዎች እዚሁ ቀበሌ ስለከፈቱልን። ናፍቆታችን በእጅጉ ቀሎልናል።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ነው። ባልኮኒውን ለልጆቹ ይመልሱ። ስለ ሕንጻው የፈለጉትን ያጻፉ፤ ከፈለጉ ቤተ መንግሥት ነበር ይበሉ፣ አልቃወምም። ገና ወጣት ነኝና፣ ይህ ማኅበር ከወንበር የሚበልጥ ነገር እንደሚሠራ ዛሬም አምናለሁ፤ ይህን እምነቴን ቢያንስ ሥራ እስካገኝ ድረስ ባያስጥሉኝ ደስ ይለኛል።

የትም ቢቀመጡ መታየትዎ እንዳይጓደል የምትጸልይልዎ፣
የታሪክ ምሩቅ፣ ሥራ ፈላጊና የፊደል አስተማሪ
ዕፀገነት ብዙነህ

ማሳሰቢያ፦ የባልኮኒው ቁልፍ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ካልተሰጠን፣ ትምህርቱ በእርስዎ ሳሎን ይቀጥላል። ባለቤትዎን ወይዘሮ ኂሩትን አስፈቅደን ጨርሰናል፤ ልጆቹ ጫማቸውን በር ላይ እንዲያወልቁ ብቻ አሳስበዋል። ምሳም እንደሚያበሉን ቃል ገብተውልናል፣ የእርስዎን ድርሻ ጭምር።