መዘውሯን ያሰረው ገመድ

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ባትሪው ሞልቷል። ስምንተኛ ክፍሎቹ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት አጠኑ። ነፋሱ ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለ፤ ጆሮዬ ውስጥ አሁንም አለ። የመንዝ ነፋስ እንግዲህ ለአንድ ነገር ጠቀመ። ት/ቤታችን ግቢ ውስጥ ብረት ምሰሶ ላይ የተሰቀለችውን ባለ ሦስት ክንፍ መዘውር ያዞራል፤ እሷ ባትሪ ትሞላለች፤ ባትሪው አንዲት ክፍል ያበራል። ለሚሊኒየሙ ተብላ የመጣች ናት። ከት/ቤቱ ውጪ ያለው አገር ሁሉ ኩራዝ ነው።

ዛሬ ግን ፍሬኗ ተቃጠለ። ከባትሪው ክፍል ሆነን መዘውሯን የምናቆምበት ቁልፍ ነው። ሸተተኝ፤ ስደርስ ቀልጧል። ዳይሬክተሩ ነገ ከተማ፣ መሐል ሜዳ ሄዶ ለተከሉት ሰዎች ይደውላል።

ሚያዝያ 30፣ ሐሙስ

መለዋወጫው ይላካል ተባለ። መቼ? እሱን ማንም አልጠየቀ።

ነገ ልደታ። የደብሩ አለቃ መምሬ ክንፈ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ነገሩን አውቀዋለሁ። እዚህ አገር በበዓል ሥራ ከተሠራ በረዶ ይወርዳል፤ መዘውሯ ደግሞ ከዞረች እየሠራች ነው። እስከ ዛሬ በየዋዜማው ፍሬኗን እየያዝን ተስማምተን ኖረናል። አሁን ፍሬን የለም። መምሬ የበልጉ ገብስ እሸት ላይ ነው፣ በረዶ ከመጣ አገሩ በእኔ ይፈርዳል አሉ። ሽማግሌዎቹ ምሰሶውን ሊነቅሉት እንዳሰቡ ከዓይናቸው ይታያል። ተከራከርኩ። ሳይንስ መምህርት ነኝ፣ ሌላ ምን እሠራለሁ። ማን ሰምቶኝ።

ዘበኛችን ጋሽ ደምሴ ገላገሉን። በየዋዜማው ጎህ ሲቀድ፣ ነፋሱ ሲተኛ፣ እኔ ወጥቼ አስራታለሁ አሉ። የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው እቴነሽ ስምንተኛ ናት፤ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ካለፈች መሐል ሜዳ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከወደቀች ባል። መብራቱ እንዳይጠፋባት ነው። ገባኝ። እፎይ አልኩ።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ጋሽ ደምሴ ሐሙስ ማታ ነፋሱ ጋብ ሲል አሰሩ፣ ልደታ አለፈች፣ ዛሬ ፈቱ። ከታች ቆሜ አንጋጥጬ አየሁ። 

አንድ ገመድ ብቻ ነው ያለው። እሱም የራሳቸው፣ አህያ የሚጭኑበት። ወገባቸውን ከምሰሶው ጋር አስረው ይወጣሉ፤ ላይ ሲደርሱ ከወገባቸው ፈትተው ክንፉን ያስሩበታል፤ ከዚያ በባዶ እጃቸው ይወርዳሉ። ለዳይሬክተሩ ሁለተኛ ገመድ ይገዛ አልኩት። ከወሩ ግዢ ጋር እናየዋለን አለኝ።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ባለፈው አቦ፣ ዛሬ ሥላሴ። ደግሞ ሚካኤል አለ፣ ኪዳነ ምሕረት አለች፣ ገብርኤል፣ ማርያም። አንቺ ደብተር፣ እስኪ ንገሪኝ፣ በዚህ ወር ማን ነው ሥራ የሚሠራው? መዘውሯ ከእኔ የበለጠ ዕረፍት አላት። ባትሪው ደክሟል። አምፖሉ ቀላ። ልጆቹ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተበተኑ።

ሁለተኛው ገመድ አልተገዛም።

ግንቦት 11፣ ሰኞ



ጠዋት ነፋሱ አልተኛም። ዛሬ ይቅር አልኳቸው። ነገ ሚካኤል ነው፣ ቃል ሰጥቻለሁ አሉ። ከሰዓት ትንሽ ጋብ ሲል ወጡ። አሰሩ። ክንፉ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። እየወረዱ ሳለ ነፋሱ መጣ፤ ከምሰሶው ነቀላቸው።

የአንድ ሰው ኢሱዙ ላይ ጫንናቸው። መሐል ሜዳ በሕይወት አልደረሱም። እቴነሽ ራሳቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ትናንት፣ በሚካኤል፣ ተቀበሩ። እዚያው ደብር፣ እሳቸው የጠገኑት ጣሪያ ሥር ፍትሐት ተደረገላቸው። መምሬ ክንፈ ሲጸልዩ ድምፃቸው ተቆረጠ። አላዘንኩላቸውም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጠላኋቸው።

መዘውሯ እንደታሰረች ናት። ሊፈታት የሚወጣ የለም። ባትሪው አልቋል። ስምንተኞቹ ኩራዝ ይዘው መጡ፣ የእቴነሽ ወንበር ባዶ ነው።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ፣ 11 ሰዓት

በረዶ ወረደ።

መዘውሯ እንደታሰረች። እንደታሰረች! የበልጉ ገብስ ከዳር እስከ ዳር ተኝቷል። ጣሪያው ላይ ሲወርድ ልጆቹ ጆሯቸውን ያዙ። ሳቄ መጣ። ከዚያ አለቀስኩ፤ ክፍል ውስጥ፣ ልጆቹ ፊት። የጋሽ ደምሴም ማሳ እዚያው ውስጥ ነው።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

መምሬ ክንፈ ብቻቸውን መጡ። አልተቀመጡም። መዘውሯ ከእንግዲህ በዓልም ይሁን አዘቦት ትዙር አሉ። ከሽማግሌዎቹ ጋር መክረዋል።

“ነፋስ የእግዚአብሔር ነው። እሱ ሲያዞራት ማን በዓል ሻረ ይባላል” አሉኝ።

“ይህን ከሰኞ በፊት ለምን አላሉንም፣ መምሬ?”

 ያን ጊዜም አውቀው ነበር አሉ።

“ሰዉን ፈርቼ ነው፣ ልጄ።”

በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ጥላቻዬ ያን ጊዜ ከላዬ ወረደ፤ በቦታው ግን የመጣ ነገር የለም። ባዶ ነኝ።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ዛሬ የቀበሌው ሊ/መንበር መጣ። ከነገ ወዲያ ግንቦት 20 ነው፣ በዓሉ እኛ ግቢ ይከበራል፣ ከወረዳ እንግዳ ይመጣል፣ መዘውሯ መዞር አለባት። ሰው የሞተበት ምሰሶ ላይ ግን ማን ይውጣ? አዲሱ ዘበኛ እንኳን ሊወጣ፣ በሥሩ አያልፍም። አንዱ ሚሊሻ ገመዱን በክላሽ ልምታው አለ። የምሩን ነው። ክንፉንስ ብትመታው ብዬ አስቆምኩት። እንግዲያው አንድ ደፋር ይፈለግና ማጭድ ይዞ ወጥቶ ይበጥሰዋል ተባለ።

ዳይሬክተሩ ሁለት አዲስ ገመድ ገዝቷል። አሁን። ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው፤ እነሱን እያየሁ ምሳ አልበላልኝ አለ።

ወደ ማታ እቴነሽ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተላጭታለች። ወደ ትምህርት ልትመለስ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ወንበሯ ላይ አልተቀመጠችም። ቲቸር፣ ያ ገመድ የቤታችን ነው አለችኝ። በረዶ የጣለውን ገብስ ለከብት እንኳ ይሁን ብለው ያጭዱታል፤ እናቷ አህያዋን የምትጭንበት የላትም። ከአዲሱ አንዱን አንስቼ ሰጠኋት። ተቀብላ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

“የአባባን ነው የምፈልገው። ሳይበጠስ።”

አንጀቴን በላችው። መብራቱ ሲመጣ ትመጫለሽ ወይ አልኳት። ገመዱ ሲመጣ አለች።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ምሰሶውን አየሁት። ከፍታ እፈራለሁ፤ ጣሪያ ላይ ቆሜ እንኳ አላውቅም። የመወጣጫ ብረቶቹ ዝገዋል። ቋጠሮው ከታች ይታያል፣ ትንሽ ነገር ነው።

ሊ/መንበሩ ደፋሩን አግኝቷል። የአንድ ነጋዴ ረዳት ነው፤ ማጭዱን ስሎ ጨርሷል። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እንግዶቹ ሳይደርሱ ይወጣል። ገመዱ ሳይበጠስ ይፈታ አልኩ። ሊ/መንበሩ የልማት ሥራ ይዘን ስለ አሮጌ ገመድ እናውራ? አለኝ። 

የባልደረባዬን ሱሪ ተውሻለሁ። አየችኝ፣ አልጠየቀችኝም። አንደኛውን አዲስ ገመድ ለመውጫ ወስጃለሁ። ነፋሱ ጎህ ሲቀድ ይተኛል፤ ማጭዱ ከመድረሱ በፊት እወጣለሁ። መምሬን ከሥር እንዲቆሙ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ። ቢላ ያዥ፣ ቋጠሮው ከጠበቀብሽ ትቆርጪዋለሽ አሉኝ።

ቢላ አልይዝም።