ቀዩ ሹራብሽ

የላይቭ እመቤት፣

ጫማሽን ሳታወልቂ ግቢ፤ የመስታወቱን ስብርባሪ ጠርጌ አልጨረስኩም።

ያ እገድልሻለሁ እያለ የሚጽፍልሽ «አንበሳው» ጠዋት በሩን ሰብሮ ገባ። ሦስት ጊዜ ብሎክ አደረግኩት፤ ሦስቴም «ተመልካች ይቀንስብኛል» ብለሽ ፈታሽው። በመስኮትሽ የሚታየው የፋርማሲ ምልክት ሳይመራው አልቀረም።

ላይቭ ላይ ፊትሽን አታሳዪም፤ የሚያውቀው ቀይ ሹራብሽን ነው። እኔ ደግሞ በርዶኝ ለብሼው ነበር። ስምሽን እየጠራ በብረት ቀጠቀጠኝ። ጎረቤቶች ሲጮሁ ሸሸ።

ቀኝ እጄ አልታዘዝ ስላለኝ በግራ ነው የምጽፈው።

ሐኪም ቤት ሄጃለሁ። እዚህ እንዳታድሪ፣ እናቴ ጋ ሂጂ። መጀመሪያ ግን በገዛ እጅሽ ብሎክ አድርጊው።

ሹራቡን ዘፍዝፌዋለሁ፤ ደሙ የሚለቅ አይመስለኝም።

«እሷ አይደለሁም» ብዬው ቢሆን «ታዲያ የት ናት?» ይለኝ ነበር።

ዝም አልኩልሽ።