አሥራ ሁለተኛው መስመር

ውድ ወንድሜ፣

ስለ ጤናህ አልጠይቅህም። በቀን አራት ጊዜ እየደወለ ዘበኛውን የሚያስጨንቅ ሰው፣ ጉልበቱ በጀሶ ቢታሰርም ሳንባው ደህና ነው። ዘበኛው ትናንት ስልኩን የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ድረስ አመጣልኝ። “እትዬ፣ ደግሞ እሱ ነው። ኧረ በፈጠረሽ አንድ ነገር በይው!” አለኝ። ምን ልበልህ? ማክሰኞ ጠዋት “ሐርን ጻፊያት” አልክ። ማክሰኞ ከሰዓት “ቆይ፣ እንዳትጽፊ” አልክ። ረቡዕ “በቃ አንቺው ወስኚ፣ እኔ ታክቶኛል” አልክ። ትናንት ደግሞ “ሄሎ” እንኳ ሳልል “ሐርን!” ብለህ ጮህክ። ሐኪም ቤት የተኛኸው አንተ፣ የታመምኩት እኔ።

በስልክ አንተን አቋርጦ መናገር የሚችል ሰው ገና አልተወለደም። ስለዚህ እጽፋለሁ። ደብዳቤ አይቋረጥም፤ ቢበዛ ይቀደዳል። የፋብሪካው ሹፌር ነገ ጠዋት ወደዚያ ስለሚመጣ በእጅህ ይሰጥሃል። እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳትደውል።

ለሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድናችን አሥራ ሁለት ማሊያ አለን። አሥራ አንዱ ባለቤት አግኝቷል፤ እሱ ላይ አልተጣላንም። አንድ ማሊያ ቀርቷል፣ ሁለት ልጆች ቀርተዋል፣ ሰኞ ቀትር ላይ ዝርዝሩ በአዳራሹ በር ላይ መለጠፍ አለበት። አንተ አሰልጣኙ ምልመላውን ያየኸው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ለጉልበትህ ሄድክ። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከመስኮቴ ሳልነቀል አይቻለሁ፤ የማጠቢያው ክፍል መስኮት የአዳራሹን ሜዳ እንደሚያሳይ ታውቃለህ።

ሐርን አላማትም። ኳስ እጇ ላይ ስትሆን ስሟ ልክ ነው። በሦስተኛው ቀን ሁለት ልጆችን አልፋ፣ ሦስተኛዋን አስቀምጣ፣ ቅርጫቱን እንኳ ሳታይ ወርውራ አገባች። አዳራሹ በሙሉ “ውይ!” አለ። እኔም ብያለሁ፣ ሳሙናውን እንደያዝኩ። እንዲህ ያለ እጅ በአሥር ዓመት አንዴ ነው የሚገኘው ስትለኝ አልከራከርህም።

ግን አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ኳስ የማይለቁ ልጆች አሉን እኮ! ሦስቱም ጎበዞች ናቸው፣ ሦስቱም “ለእኔ” ባዮች ናቸው። አራተኛ ልትጨምርባቸው ነው? ጎጆ ስትሠራ አራት በር ገጥመህ ምሰሶ የለህም። ዓምና ከቅርጫቱ ሥር ሰው አጥተን ስንት ጨዋታ ተሸነፍን? ኳሷ ብረቱን ነክታ ስትመለስ ልጆቻችን አንጋጠው ያዩአታል፤ ደመና የሚያዩ ይመስላሉ። የሌላው ቡድን ልጅ ወስዳ ትሄዳለች።

ሁለተኛዋን ልጅ በደንብ አላየሃትም። የወለል ንጣፍ ከሚሸጥበት መደብር ካርቶን የምታነሣዋ፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ዝምተኛ ናት። ልጆቹ ገና በመጀመሪያው ቀን “ቁምሳጥን” አሏት። አራተኛው ቀን ላይ ከሦስቱ “ለእኔ” ባዮች አንደኛዋ መንገድ አጥታ “አንቺ ቁምሳጥን! ዞር በይ እንጂ፣ እንዴት ነው የሚታለፈው?” ብላ ጮኸችባት። ልጅቷ ኳሷን ነጥቃ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠችና ምን አለች መሰለህ? “ቁምሳጥን ካልሽኝማ ቆለፍኩባት። ቁልፉን በትሕትና ጠይቂ።” ምክትልህ ፊሽካው ከአፉ ወደቀ፤ ሳቅ ገደለው። ሳምንቱን ሙሉ ከእሷ አፍ የወጣ ረጅም ንግግር ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ግን ማንም አላጨበጨበለትም። ኳሷን ለማን ሰጠች? ያን ቀን ሙሉ ማንም ላላቀበላት ለአጭሯ ልጅ ሰጠች። “ሂጂ፣ ከኋላሽ አለሁ” አለቻት። አጭሯ ሄደች። ሳተች። ቁምሳጥን ከኋላ መጥታ፣ ዘልላ ወስዳ፣ እንደገና ሰጠቻት። “አሁንም ሂጂ።” በሦስተኛው ገባ።

“አንቺ ከሳሙና በቀር ምን ታውቂያለሽ?” እንዳትለኝ። አትልም፤ ታስበዋለህ እንጂ። ሃያ አምስት ዓመት የተጫዋች ልብስ አጥቤአለሁ። ቁምጣው ጉልበቱ ላይ በወለል ሰም የጠቆረ ልጅ ኳስ ለማዳን ወድቃለች ማለት ነው። ማሊያው ጎኑ ላይ የተለጠጠ ልጅ፣ ተቃራኒዎቿ ይዘው ሊያስቀሯት ታግለዋል ማለት ነው። የሐር ልብስ በአንድ ውኃ ይጠራል። የቁምሳጥንን ሦስት ጊዜ ዘፍዝፌ አልለቀቀልኝም። አንተ ነጥብ ትቆጥራለህ፤ እኔ የምቆጥረው እድፍ ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ ነበር። ትናንት ጀመርኩልህ እኮ። አንተ ግን እንዲህ አልከኝ፦ “እትዬ፣ ወንድሜን፣ ያንቺን ባል፣ አስታውሺ እንጂ። ዕድሜውን ሙሉ ‘ቡድኑ የጎደለውን ፈልጉ’ እያለ ሰብኮ፣ በቁርጡ ቀን የመረጠው ተሰጥኦን ነው። እሱ የገባው ነገር ነበር።” እዚህ ላይ ነው ስልኩ የተዘጋው። መስመሩ ተቋርጦ አይደለም። እኔ ነኝ የዘጋሁብህ።

አሁን ቁጭ በል። ተቀምጠህ ከሆነ ደግሞ ተደገፍ።

ፊደል የቆጠርኩት ከማሊያ ጀርባ መሆኑን ታውቃለህ። የተጫዋቾቹን ስም እያጠብኩ፣ እያሰጣሁ፣ አንዱን ፊደል ከሌላው እያስተያየሁ ነው የለየሁት። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት መጽሐፍ የወንድምህ የቅርጫት ኳስ ሕግ ነው። ጀግና የለውም፤ ዳኛ ግን አለው። ያኔ አሰልጣኝ የነበረው ወንድምህ በማንበቤ በጣም ይኮራ ነበር። የእሱ ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ስለሚመስል የቡድኑን ዝርዝር እኔ እንድጽፍ ማድረግ ጀመረ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ የታጠበውን ልብስ ሳደርስ በሩ ላይ እለጥፈዋለሁ። ከባልና ሚስት ሥራ ሁሉ ይህን ነበር የምወደው።

የዛሬ ሃያ አንድ ዓመት፣ ያን አንተ የምታነሣውን የቁርጥ ቀን ዝርዝር የጻፍነው ጠዋት ነው። እሱ መስታወቱ ፊት ቆሞ ፂሙን እየተላጨ ስሞቹን ይጠራል። አሥራ ሁለተኛዋ ላይ ሲደርስ የማሸጊያ ክፍሏን ረጅም ልጅ ጠራ። አስታወስካት? ከቅርጫቱ ሥር የምትቆመውን? በግልጽ ነው የጠራት። ጉንጩን እንደወጠረ “እሷ ናት የጎደለችን” ብሎም ጨመረበት።

እኔ የጻፍኩት የሌላዋን ልጅ ስም ነው። ያቺን ባለ ወርቅ እጅ፣ ሰው ሁሉ ሊያያት ሥራ ጥሎ የሚመጣላትን። ለምን? ማንም አልለመነኝም፤ ዘመዴም አልነበረችም። ስትጫወት ሳያት ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነው። ሌላ ሜዳ ሄዳ ከመስኮቴ እንዳታመልጠኝ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። እሱ ፊቱን ሲታጠብ ወረቀቱን አጥፌ፣ ከልብሱ ጋር ወስጄ ለጠፍኩት።

ረጅሟ ልጅ መጥታ አነበበች። ከላይ ወደታች አነበበች፣ እንደገና ከላይ ጀመረች። በማግስቱ የመለማመጃ ማሊያዋን መለሰችልኝ። አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ። “እትዬ፣ ሥራ እንዳላበዛብሽ ብዬ ነው” አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ኳስ ስትነካ ያያት የለም። ያ የታጠበ ማሊያ እስከ ዛሬ ከእጄ ላይ አልወረደም።

ወንድምህ ቀትር ላይ መጣ። ዝርዝሩ ፊት ቆመ። እኔ የጨመቅኩትን ልብስ እንደገና እጨምቃለሁ። ከዚያ ዞሮ አየኝና “ጽሕፈትሽ አምሯል” ብሎኝ ወደ ሜዳው ገባ። ይኸው ነው። በዚያ ቀንም፣ ከዚያም በኋላ፣ እስኪሞት ድረስ ስለ ዝርዝሩ ሌላ ቃል አልተናገረም።

የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ፤ ምክትሉ አንተ ነበርክ። ለዋንጫው ጨዋታ ደረስን። ባለ ወርቅ እጇ ሃያ ስምንት ነጥብ አገባች፤ ተሸነፍን። የመጨረሻዋ ኳስ ብረቱን መትታ ስትመለስ ከሥሯ የእኛ ሰው አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ “ማነው የመረጣት?” ብሎ ሲጮህ ወንድምህ “እኔ ነኝ” አለ። ፊሽካውን ቀምተው ዕቃ ግምጃ ቤት አስገቡት። አንተ ደግሞ በሰው ፊት “የታይታ አሰልጣኝ!” ብለህ ሰደብከው። አሥራ አምስት ዓመት ሳትነጋገሩ ኖራችሁ። እኔ በመካከላችሁ ቆሜ ልብስ አሰጣለሁ።

ዝምተኛ ናት ይሉኛል። ጨዋ ናት ይሉኛል። ዝምታ ሁሉ ጨዋነት አይደለም፤ የእኔ ፍርሃት ነው፣ ሲቆይ ጨዋነት መሰለ። አንዳንዴ እሱም ያናድደኛል፣ ነፍሱን ይማረውና። ለምን አልጮኸብኝም? አንዴ ቢጮህ፣ ወረቀቱን ቀድዶ ፊቴ ላይ ቢጥለው፣ እኔም አልቅሼ፣ ረጅሟም ተጠርታ፣ እናንተም ሳትጣሉ ቀርታችሁ ነበር። መሸፈን ፍቅር መስሎት ሸፈነኝ። እኔ የተሸፈንኩበት ብርድ ልብስ እሱን አፍኖ ገደለው።

ከሁሉም የከፋው ግን የቀብሩ ቀን ነው። ሳጥኑ ሳይዘጋ ጎንበስ ብለህ “ወንድሜ ይቅር በለኝ፤ አንተ ነበርክ ልክ፣ ተሰጥኦ ይበልጣል” ስትለው ከጎንህ ቆሜ ሰምቻለሁ። ላልሠራው ሥራ ይቅርታ ጠየቅከው። ያመነበትን ነገር ትተህ በእኔ ስሕተት አመንክለት። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግኩ። ይኸው ስድስት ዓመት ቡድኑን ይዘህ በየዓመቱ የሚያብረቀርቅ ትለቅማለህ፣ በየዓመቱ እንሸነፋለን፣ በየዓመቱ “ወንድሜ እንዲህ አድርጎ ነበር” ትላለህ። አላደረገም! ስማኝ፣ ወንድምህ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም። እኔ ነኝ ያደረግኩት፣ አንዲት ገና ጽሕፈት የለመደች ልብስ አጣቢ።

ረቡዕ “አንቺው ወስኚ” ስትለኝ እሺ ያላልኩህ ለዚህ ነው። ቁምሳጥንን ጽፌ ብለጥፍ ማን ያውቅብኝ ነበር? በልቤ ልክ ነኝ። ግን ያኔም በልቤ ልክ ነበርኩ። አንዴ የሰው ውሳኔ ሰርቄአለሁ፤ ሁለተኛ በስጦታ መልክ ሲመጣልኝም አልቀበልም።

ስለዚህ ዝርዝሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። አሥራ አንዱን ስም እኔ ጽፌዋለሁ። አሥራ ሁለተኛው መስመር ባዶ ነው። የማምነውን ነግሬሃለሁ፦ ቁምሳጥንን ውሰድ። ሐር ሜዳ አታጣም፤ የባቡር ሠራተኞቹ ቡድን ነጥብ የሚያገባለት አጥቶ እያለቀሰ ነው፣ አሰልጣኛቸው ደረቱን ነፍቶ ይቀበላታል። እኛ ላይ ሃያ ነጥብ ታገባለች፣ እኔም ከመስኮቴ ተደብቄ አጨበጭብላታለሁ። ይህን ሁሉ ሰምተህ ግን አሁንም “ሐር” ካልክ፣ ሐርን ጻፍ። ቅር አልልህም። ብቻ በራስህ ስም ጻፋት። ወንድምህን ከአፍህ አውጣው፤ እሱ በዚህ የለበትም።

ስትናደድ እኔን ተናደድ፤ ይገባኛል። ጉልበትህ ሲድን ደግሞ መቃብሩ ድረስ አብረን እንሄዳለን፤ ይቅርታ የምንጠይቀው እያንዳንዳችን በየራሳችን ጥፋት ነው። ዘበኛው እሁድ ስልኩን አጠፋለሁ ብሎ ምሎአል፤ ስለዚህ አትድከም።

ሹፌሩ እሁድ ማታ ይመለሳል። የአንተም ጽሕፈት እንደ ወንድምህ ዶሮ የጫረው እንደሚመስል አውቃለሁ። ግድ የለም። ያለውን እንዳለ እለጥፈዋለሁ።

የታላቅህ ሚስት፣
ከማጠቢያው ክፍል