ሻንጣ በሁለት እጅ

አሰበ ተፈሪ፣
ጳጉሜን 2 ቀን 1981 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዓለምሸት ይልቃል፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን፤ እናትሽ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር። ሁለት ዓመት ያልጻፈልሽ አባት ዛሬ ብዕር ሲያነሳ ትደነግጪ ይሆናል። ክፉ ነገር የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ከኮሌጃችሁ ሁለት መምህራን ቴሌቪዥንና ቪዲዮ በላንድሮቨር ጭነው መጡ። አሥራ ሁለተኛን የጨረሱ ልጆች ከነወላጆቻቸው በቀበሌው አዳራሽ ይሰብሰቡ ተባለ። የእህትሽ የእቴነሽ ውጤት ደህና ነው። እኔ ግን አንዷ ሄዳለች፣ ይቺ ሱቁን ትይዛለች ብዬ ቆርጬ ነበር። አዳራሹ የገባሁትም ይህንኑ ለመምህራኑ ፊት ለፊት ልነግራቸው ነው።

ቪዲዮው የኮሌጁን ዛፍ፣ መጻሕፍት የሞላውን ቤት፣ ነጭ ካፖርት የለበሱ ልጆችን ያሳያል። እኔ የጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ጣቃ ሲታጠፍ ደህናው ጫፍ ከላይ እንደሚሆን አውቃለሁ። እጄን አውጥቼ፣ «የተበላሸውንም ጫፍ አሳዩን» አልኩ። ሰው ሳቀ። አንደኛው መምህር ግን አልተቆጣም፤ «ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይጠፋል፤ አልጋውም ተደራራቢ ነው» አለ። ያን ጊዜ ጆሮዬን ሰጠሁት።

ከዚያ በቪዲዮው አንቺ መጣሽ።

የኮሌጁ ግቢ በር ላይ ቆመሻል። ከአውቶቡስ የወረደች ልጅ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትመጣ ሮጠሽ በሁለት እጅሽ ተቀበልሻት። ወደ እኛ ዞረሽም፣ «እንደምን ናችሁ? አካም ጅርቱ?» አልሽ። አዳራሹ በሙሉ «ነገያ፣ ደህና ነን» ብሎ መለሰልሽ። እኔም ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ተነስቼ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ አንቺስ?» ማለቴን ያወቅሁት ከኋላዬ፣ «አቶ ይልቃል፣ ጋረዱን እኮ፣ ይቀመጡ እንጂ» ሲሉኝ ነው።

ጎረቤታችን ኦቦ ቢራቱ፣ «ተዉት፤ የገዛ ልጁ ሰላም ስትለው ቁጭ ብሎ ይመልስ?» አላቸው።

ክንድ በማትሞላ ሳጥን ውስጥ ሆነሽ አዳራሹን ሞላሽው። ዕድሜዬን ስለካ ኖሬ ይህን የምለካበት አጣሁ። መምህሩን ለምኜ ሦስት ጊዜ መልሶ አሳየኝ። በሦስተኛው የማየው ፊትሽን ሳይሆን እጅሽን ነበር።

የሄድሽ ዕለት ሻንጣሽን ብቻሽን እየጎተትሽ በሱቁ በር ስታልፊ አይቼሻለሁ። ጨርቅ እየለካሁ ነበር። ደንበኛ አልነበረም።

ቅዳሜ ማታ በማስታወሻዬ፣ «ዝናብ አልዘነበም። የሚኤሶ መንገድ ክፍት ነው። ዓለምሸትን አየኋት» ብዬ ጻፍኩ።

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ እቴነሽ ናት። እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሻንጣዋን የምሸከመው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺ ተቀበይኝ።

በደረስሽበት በር ሁሉ የሚቀበልሽ ሰው አይታጣ።

አባትሽ
ይልቃል አጥናፉ