የቆራጭ ደመወዝ

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህን አሁንም ያምሃል ወይስ እንደ ልማድህ ችለኸው ዝም ብለሃል? እማዬስ እንዴት ናት? በመጨረሻው ደብዳቤህ እየተሻላት ነው፣ ምግብም መቅመስ ጀምራለች ብለኸኛል። እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆቱን ግን አልዋሽህም፣ በርትቶብኛል።

ሂጂና ሞክሪ ያልከኝ የልብስ ፋብሪካ ጠርቶኝ ነበር። ለቆራጭነት ከመቀጠሬ በፊት በእጄ ፈተኑኝ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ የሱሪ ጨርቅ ዘርግተው መቀስ ሰጡኝ። ሥራ አስኪያጇ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ጎልማሳ ሴት፣ አጠገቤ ቆማ እጄን ታያለች። እኔም እማዬ እንዳስተማረችን በውስጥ ስፌቱ በኩል አንድ ጣት ጨርቅ አስተርፌ ቆረጥኩ። ሰው ነገ ይወፍራል፣ ልብሱ ይጠብቀው ትል የለ? ለእሷ ደግነት ነው፤ ለፋብሪካ ግን ኪሳራ ነው። ይህን ያስታወስኩት ቆርጬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። የሴትየዋ ፊት ተለዋወጠ። አለቀልኝ አልኩ። እሷ ግን ወደ ቢሮዋ ይዛኝ ገባች።

ስንት ትፈልጊያለሽ አለችኝ። ቀድመሽ ቁጥር እንዳትጠሪ ብለኸኝ ነበርና ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። ከመስታወቱ ወዲያ የስፌት መኪናዎቹ ብቻ ይንጫጫሉ። እኔና ዝምታ እንደማንስማማ ታውቃለህ፤ ከዚህ በታች እንዳትቀበዪ ብለህ የጻፍክልኝን ቁጥር እንዳለ ዘረገፍኩት።

ሴትየዋ መነጽሯን አወረደችና አተኩራ አየችኝ። ይህን ቁጥር ከዚህ ክፍል ውጭ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው አለች። ካንቺ በፊት አንድ ቆራጭ መጥቶ ነበር፤ እሱም ልክ እንዳንቺ አንድ ጣት እያስተረፈ ይቆርጣል። እጁን ወድጄለት ይህንኑ ደመወዝ ቆረጥንለት። ሊፈርም ብዕር ካነሳ በኋላ መልሶ አስቀመጠው። እናቱ አልጋ ላይ ናት፤ ሐኪሞቹ ከዚህ ክረምት አታልፍም ብለውታል፤ ከሌላ ሰው እጅ ደግሞ አትጎርስም። ከእኔ የምትሻል ልጅ እልክላችኋለሁ ብሎ ወጣ አለችኝ።

የሰውየውን ስም አልጠየቅኋትም። መቼ እንደመጣ ግን ነገረችኝ። አንተ ለእማዬ መድኃኒት ፍለጋ መጣሁ ብለህ እኔ ጋ ያደርክ ሰሞን ነው።

ወንድም ጋሼ፣ በዚያ ሰው ተናድጃለሁ። ከእህቱ ጋር እራት በልቶ፣ ሲያስቃት አምሽቶ፣ ያን ሁሉ በሆዱ ይዞ ጠዋት ቻው ብሎ የሚሄድ ምን ዓይነት ጉድ ነው? ለአንዲት የማያውቃት ሥራ አስኪያጅ የነገረውን ለእህቱ መንገር አቃተው? እዚያው ወንበሩ ላይ እንባዬ መጣ። ሴትየዋ በደመወዙ ደስ ብሎኝ መስሏት መሀረብ አቀበለችኝ። እኔም አላረምኳትም።

ፊቴን ጠርጌ ስጨርስ ድርድር ጀመርኩ። ደመወዙ ይሁን፣ ግን ለሁለት ሰው ነው አልኳት። አንድ ወር እኔ፣ አንድ ወር ያ ሰውዬ፣ በአንድ ጠረጴዛ። ትቀልጃለሽ አለችኝ። እንደማልቀልድ ሲገባት አንዳችሁ ብትቀሩ ሥራዬ ይቆማል ብላ ከቁጥሩ ቀነሰች። እኔ ጨመርኩ፣ እሷ ቀነሰች፣ እኔ ጨመርኩ። እንደ ገበያ ሰው ተከራክረን በመጨረሻ ተጨባበጥን። አንተ ካልከኝ በታች ተቀብያለሁ፤ ይቅርታም አልጠይቅህም። የምሠራበት ሱቅ ባለቤት፣ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ፣ ልለቅ ነው ስለው ቀኑን ሙሉ አኮረፈኝ፤ ማታ ግን መቀሴን ራሱ ስሎ ሰጠኝ።

ሥራ አስኪያጇ የመጀመሪያውን ወር ማን ይገባል ስትለኝ፣ ታላቅየው አልኳት። ሥራው ሰኞ ይጀመራል። እኔ ቅዳሜ እዚያ እደርሳለሁ። የቤቴን ቁልፍ ይዤልህ እመጣለሁ፤ ምድጃው አንዳንዴ ያስቸግራል፣ መታ ስታደርገው ይሠራል።

እምቢ እንዳትለኝ። እማዬ ከሌላ ሰው እጅ አትጎርስም አትበለኝ። መድኃኒቷን በስንት ሰዓት እንደምትወስድ፣ በየትኛው ጎኗ መተኛት እንደሚቀላት አሳየኝና ሂድ። ፊቷን ላጥባት፣ ፀጉሯን ላበጥርላት፣ ስታቃስት ከአጠገቧ ልሁን። ክረምቱ ሳይገባ ይህን አንድ ወር ለእኔ ተውልኝ። እኔም ልጇ ነኝ።

እስከ ቅዳሜ አምላክ ሁለታችሁንም በሰላም ያቆይልኝ። ለአንተ ጉልበት፣ ለእሷ ጣፋጭ እንቅልፍ ይስጥልኝ። ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ልጅሽ እየመጣች ነው በላት።

እጅግ የምትወድህ
ታናሽ እህትህ