ስንፍና ነው ያልሽው ሕመም

ውድ እማዬ፣

ለሰላምታ ብዬ አይደለም የጻፍኩልሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተኳርፈን ኖረን ዛሬ ብዕር ያነሳሁት በታናሽ እህቴ፣ በሚጣ ምክንያት ነው። ስልኬን ስለማታነሺ ይህን ወረቀት በሥራ ባልደረባዬ እጅ ልኬልሻለሁ።

ሚጣ ትናንት ካንቺ ቤት ደውላልኝ ነበር። ከወለደች ገና አምስተኛ ሳምንቷ ነው፤ ድምፅዋ ግን የሰማንያ ዓመት አሮጊት ድምፅ ሆኗል። «ደረጃ ስወጣ ልቤ ጉሮሮዬ ውስጥ ይመታል። እማዬ ግን ስንፍና ነው ትላለች» አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ስፌቱን ትቼ ተቀመጥኩ።

እኔ ልጄን ስወልድ ብዙ ደም እንደፈሰሰኝ ታውቂያለሽ፤ አንሶላውን ያጠብሽው አንቺ ነሽ። ሆስፒታሉ በማግስቱ አስወጣኝ። አዋላጇ ቀይ ኪኒን በፖስታ አድርጋ «ሦስት ወር ሳታቋርጪ ዋጪ» አለችኝ። የልጄ አባት ርቆ መንገድ ሥራ ላይ ስለነበረ ቤቱ ባንቺ ቃል ነበር የሚያድር። «ኪኒን ጡት ያደርቃል» ብለሽ ፖስታውን ቁም ሳጥን አናት ላይ ወረወርሽው። አንድም ቃል አልመለስኩልሽም። ለዚያ ዝምታዬ ራሴንም ይቅር አላልኩም።

ከዚያ በኋላ ከአልጋ በተነሳሁ ቁጥር ዓይኔ ይጨልማል። ጥሬ ሩዝ ካልቆረጠምኩ አያስችለኝም። ልጁ ሲያለቅስ ይሰማኛል፤ እኔ እስክነሳ ግን ሌላ ሰው አንስቶታል። አንቺ ደግሞ እኔ እየሰማሁ ለጎረቤት «እኔ አራት ወልጄ በሳምንቴ ውሃ ቀድቻለሁ፤ የዛሬዎቹ ወለድን ብለው ይሞላቀቃሉ» ትያለሽ። ጎረቤቲቱም ትስቃለች።

በስድስተኛው ሳምንት ልጁን ታቅፌ ወደ ማድቤት ስሄድ ወለሉ ከእግሬ ሥር ከዳኝ። ስነቃ ልጁ አንቺ እጅ ላይ ነው፤ የክንዱ አጥንት ተሰብሯል። «ልጅ መያዝ የማትችል እናት» አልሽኝ። ያኔስ ደንግጠሽ ነው እላለሁ። ክንዱ በጀሶ ታስሮ ከመጣ በኋላ ግን ረጋ ብለሽ፣ ልብሱን አንድ በአንድ አጣጥፈሽ፣ ለታላቅ እህቴ ሰጠሽው። «እሷ መውለድ አልሆነላትም፤ ታሳድገው» አልሽ። በሩ ሲዘጋ ተኝቼ ነበር። ተነስቼ ልከተላችሁ አልቻልኩም። «ልጇ ሲሄድ ቀና ብላ እንኳ አላየችም» እያልሽ እንደምታወሪ ሰምቻለሁ።

ሕመሜን የነገረችኝ ባዕድ ናት። ወደ ፋብሪካ በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፋሁ። የፋብሪካው ነርስ የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ገልጣ አየች።

«እህቴ፣ በምን ኃይልሽ ነው ቆመሽ የምትሄጂው?»

«ስንፍና ነው» አልኳት። እንደዚያ ብዬ መመለሴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«ማነው እንደዚያ ያለሽ?»

ስምሽን አልጠራሁም። «ይህ ደም ማነስ ነው» ብላ ወደ ላቦራቶሪ ላከችኝ። ላቦራቶሪው አሥራ ሁለት መሆን የነበረበትን የደሜን መጠን ስድስት አገኘው። የሁለት ሰው ደም ተሰጠኝ፤ ኪኒኑንም ከአዲስ ጀመርኩ። በሦስተኛው ወር ደረጃውን ሳላርፍ ወጣሁ።

ልጄን ልወስድ እህቴ ቤት ስመጣ ዘጠኝ ወር ሆኖት ነበር። የእህቴን አንገት አንቆ ጮኸብኝ። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ «ደግሞ ልትጥዪው ነው?» አልሽ። የሐኪሙን ወረቀት ዘረጋሁልሽ፤ አላየሽውም። ልጁን ነጥቄ ሄድኩ። አሥራ አንድ ቀን አለቀሰ። እህቴ እስከ ዛሬ ታለቅሳለች። ልጅ ሰጥተሽ ልጅ ያስነጠቅሻት እኮ አንቺ ነሽ።

ክፉ ነሽ አልልሽም። ሚጣን ስትወልጂ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ግድግዳ ተደግፈሽ ስትሄጂ፣ ከግድግዳው አፈር ፍቀሽ ስትበዪ አይቻለሁ። አባዬ «ይህቺን ሴት ዘንድሮ ስንፍና ተጣባት» ሲል ፊትሽን አዙረሽ ትተኚ ነበር። አንቺም ደም አልነበረሽም እማዬ፤ የነገረሽ ሰው ጠፋ እንጂ። ይህ የገባኝ ቀን አዘንኩልሽ። ግን ያን ያህል ያቃጠለሽን ስድብ እንዴት አድርገሽ ለልጆችሽ አተረፍሽው?

ሐሙስ ፈረቃዬን ቀይሬ እመጣለሁ። ጤና ጣቢያው በሁለት ሰዓት ተኩል ይከፈታል፤ ከዚያ በፊት ደጃፍሽ እደርሳለሁ። እኔ ሚጣን ደግፌ ታክሲ ውስጥ አስገባለሁ፤ ሕፃኗን አንቺ ትይዢያታለሽ። መምጣት ከፈለግሽ ያንቺንም ደም ያዩልሻል። በር ላይ ከቆምሽብኝ ግን እናቴ ናት ብዬ አልመለስም።

እስከዚያ ውሃ አታስቀጂያት፣ ደረጃም አታስወጪያት። ይህን እንኳ አድርጊልኝ።

ሐሙስ ጠዋት እንገናኝ፣
ሁለተኛዋ ልጅሽ