የወጌሻ እጅ ሲሰበር

ሐምሌ 17 ቀን 1930 ዓ.ም.

ዝናብ። ከጠዋት እስከ ማታ ያው ዝናብ። ሁለት ወለምታ አሸሁ። አንዱ የለገሃር ተሸካሚ ነው፤ ጆንያ እንደተሸከመ አዳልጦት። ሲሄድ "ጋሼ ወልደአማኑኤል፣ እጅዎ ዓይን አለው" አለኝ። ደስ አለኝ። ለራሴ ምን እዋሻለሁ…

ሐምሌ 20

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ዶሮ የጫረችው ይመስላል።

ትናንት ከቂርቆስ ንግሥ ስመለስ ድንጋይ የጫነ ካሚዮን ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ አገኘሁ። ጣሊያኖቹ ለሹሞቻቸው ቤት ወደሚሠሩበት ወደ ካዛ ኢንቺስ የሚሄድ ነው፤ ሰዉ ካዛንቺስ ይለው ጀምሯል። ወታደሩ መንገደኛውን ሁሉ እየጎተተ "ግፉ" አለ። እምቢ ማን ይላል? ገፋን። መኪናው ሲነቃነቅ ድንጋዩ ተናደና ቀኝ እጄ ላይ ወረደ።

አንጓዬ ተሰበረ። ከማንም በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ድምፁን አውቀዋለሁ። የጣሊያኖቹ ሐኪም ቤት አልሄድም አልኩ። የማውቀው ሌላ ወጌሻም ከከተማ ከወጣ ቆይቷል። ባለቤቴ ብርነሽ እጅጌዋን ሰብስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ዝም በል።"

ከተጋባን ወዲህ አንተ ብላኝ አታውቅም። እጄን ሰጠኋት። ሳበችው፣ አቃናችው፣ በቀርከሃ ስንጣሪ አሰረችው። ከዚያ ጓሮ ወጥታ አለቀሰች። እንደሰማኋት አታውቅም።

ሐምሌ 29

የመጣውን ሁሉ በሩ ላይ ትመልሳለች። "ታመዋል" እያለች። ታመዋል… እኔ?

ነሐሴ 26

ማሰሪያው ተፈታ። አጥንቱ ቀጥ ብሎ ገጥሟል። እኔ ብሠራው ከዚህ አይበልጥም ነበር። አልነገርኳትም። ለምን አልነገርኳትም?

ግን ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ጨው ብነካ ዱቄት ብነካ አንድ ነው። የወጌሻ ዓይኑ ጣቱ አይደለም እንዴ? ቆዳ ሥር ያለውን አጥንት በምን ላየው ነው?

መስከረም 9

ሥራ ጀመርኩ። ከቀላሉ ልነሳ ብዬ… የጎረቤታችን የእማማ ተናኘወርቅ ቁርጭምጭሚት። በግራዬ አሸሁላቸው፣ ቀኜን ትንሽ ትንሽ ጨመርኩ።

"እንዴት ነው እማማ?"

"ተሻለኝ ልጄ፣ ተሻለኝ።"

ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው። ገና ሲመጡም አላነከሱም መሰለኝ። እኔን ሊያጽናኑ ነው የመጡት። እግዜር ይስጣቸው። ግን ከፋኝ።

ጥቅምት 4

ዛሬን ባልጽፈው እወድ ነበር።

ጀሚላ፣ የባለሱቁ ሚስት፣ ትንሹ ልጇ ክርኑ ወልቆ ይዛው መጣች። ወንድሙ ጎትቶት ነው። ድሮ እንዲህ ያለውን እያወራሁ ነበር የምመልሰው። ያዝኩት። አጥንቱ የት እንዳለ አልተሰማኝም። አዞርኩ። ልጁ ጮኸ። ደግሜ አዞርኩ…

"በቃ፣ በቃ ይተዉት" አለች ጀሚላ።

ብርነሽ የልጁን ራስ ይዛ ነበር። ለቀቀችና ክንዱን ከእጄ ወሰደችው። ቀጭ አለ። ልጁ እጁን ወደ እናቱ ጉንጭ ዘረጋ።

ከሄዱ በኋላ "ማን አስተማረሽ?" አልኳት።

"እርስዎ ነዎታ። ይህን ሁሉ ዓመት የበሽተኛ ራስ ስይዝልዎ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር እንዴ?"

እራት ሳልበላ ተኛሁ። ተቆጥቼ አይደለም። ማለቴ… ተቆጥቼ ነው። በማን?

ጥቅምት 21

ሰው አላይም ብያለሁ። እሷም አታይም። "እሳቸው ሳይሠሩ እኔ አልሠራም" ብላ ትመልሳቸዋለች። የእኔ ኩራት ስንት ሰው እያሳመመ ነው?

ኅዳር 12

ኦልጅራን በሳንቃ ተሸክመው አመጡት። ካዛንቺስ ግንበኛ ነው፤ ከመወጣጫው ወድቆ ዳሌው ወልቋል። ጓደኞቹ ሐኪም ቤት ሊወስዱት ፈርተዋል። ካቦው ቀና ብሎም አላየው፣ በቦታው ወዲያው ሌላ ሰው አስገባ አሉኝ።

"ጋሼ፣ እግሬን ብቻ…" አለኝ ኦልጅራ።

ብርነሽን አየኋት። እሷም አየችኝ።

"እርስዎ ይሳቡ፤ እኔ እዳስሳለሁ" አለች።

ጓደኞቹ ወገቡን ያዙ። ጉልበቱን አጠፍኩና በክንዴ አቅፌ ትከሻዬን ሰጠሁት። ጣቴ ቢደነዝዝ ትከሻዬ አለ። ስቤ ስቤ ላዞር ስል "ገና" አለች። በእኔ ግምት ደርሷል። ይህን ሥራ ከአባቴ የተማርኩት እኔ ነኝ… ግን ጠበቅሁ። ኦልጅራ ያቃስታል፣ እኔ እጠብቃለሁ።

"አሁን።"

አዞርኩ። ሲገባ ትከሻዬ ድረስ ተሰማኝ። ኦልጅራ አለቀሰ። እኔም።

ሰዎቹ ሲሄዱ "ባታስቆሚኝ እሰብረው ነበር" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"የእኔንም እጅ ደህና አድርገሽ ነው የገጠምሽው።"

"ይህን ለመናገር ኅዳር ድረስ?" አለች። ሳቅን።

ታኅሣሥ 14

ሥራውን ተካፈልን። ጉልበት የሚፈልገው የእኔ ነው፣ ዳሰሳው የእሷ። አንዳንዱ ወንድ "ሴት አትነካኝም" ይላል። "እንግዲያው ወልቆ ይቆይ" እለዋለሁ። እስካሁን ተነስቶ የሄደ የለም።

ጥር 2

ኦልጅራ በምርኩዝ መጣ። ለገሃር መጋዘን ቁጭ ብሎ የተቀደደ ጆንያ ይሰፋል። "እግሬ እስኪጠና ነው። ከዚያ ቀስ እያልኩ እሸከማለሁ" አለኝ። ግንብ ላይ ግን አልወጣም አለ፤ ቀና ብሎ ሲያየው ያዞረዋል። አይዞህ አልኩት። ምን እንደሚሰማው ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ጥር 16

ዛሬ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የማላውቃት ሴት ናት፣ ልጅ አዝላለች። ከእኔ አልፋ ወደ ውስጥ እያየች፣

"ወጌሻዋ አሉ?"

ልቤን ቆንጠጥ አደረገኝ። ብዙ አይደለም፣ ትንሽ።

"አሉ፤ ግቢ" አልኳት።

አንቀልባውን ስትፈታ ልጁን ተቀበልኳት። በቀኝ እጄ ነው የተቀበልኩት፣ ሳላስበው። ትኩሳት አለው… ጣቶቼ ላይ ተሰማኝ።